መርሳ ዘመድ አለን እንዴ?

የወንድሜ ልጅ ኮምቦልቻ ምህንድስና ትማራለች። ሰሞኑን ደውላ «ጋሼ፣ መርሳ ዘመድ አለን እንዴ?» አለችኝ። በአዲሱ ዓመት ለልምምድ ወደዚያ ሊልኳት ነው፤ ማረፊያ ፈልጋ ነው። «አለን» አልኳት። ትንሽ ቆይቼ «ነበረን መሰለኝ» አልኩ። እሷ ሳቀች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም።

ይህን የምጽፈው ለእሷና ለእኩዮቿ ነው። ጠንክራችሁ ተማሩ፣ ገንዘብ ቆጥቡ የሚለውን ከእኔ አትጠብቁ። እሱን የሚነግራችሁ ሞልቷል።

እኔ የመንገድ ቀያሽ ነኝ። ጡረታዬ ደርሷል። ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳና በመርሳ አድርጎ ወልድያ የሚገባውን መንገድ ጎርፍ የሚበላው የቱ ጋ እንደሆነ በጨለማም አውቀዋለሁ። የመስክ ደብተሮቼ አሁንም ቤት ውስጥ አሉ። ባለቤቴ በየጳጉሜኑ ቤት ስታጸዳ «እነዚህን እንጣላቸው» ትላለች። እኔም በየዓመቱ እንጣላለን እንጂ ደብተሮቹን አንጥልም እላታለሁ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ነሐሴ ላይ። አባቴ ወልድያ ለቅሶ ሊደርስ ፈለገ። እኔም ወደዚያው ለሥራ ስለምሄድ በፒካፑ ይዤው ወጣሁ። ውጫሌን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ናዳ መንገዱን ዘግቶት አገኘን። ዶዘር እስኪመጣ ወርደን ጠበቅን። መኪና ተደርድሯል። ሕጻናት በለስ በባልዲ ይዘው ይሸጣሉ። አባቴ ገዝቶ ልጣጩን በሁለት ጣቱ እየገለበጠ ይበላል። እሾሁ አይወጋውም ነበር፤ እንዴት እንደሚይዘው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ድንገት ወደ ቆላው በአገጩ እያመለከተ «እህቴን እዚያ ታች ነው የተውኳት» አለ።

እህት እንዳለው አላውቅም ነበር። በልጅነቴ ቆሎ ከቀሚሷ ጫፍ ፈትታ የምትሰጠኝ አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች፤ የጎረቤት ልጅ ትመስለኝ ነበር። ለካ እሷ ናት።

በዘመነ ማርቆስ ነው አለ፣ በረሃቡ ጊዜ። እናቴ ቀድማ ሥራ ፍለጋ ደሴ ገብታለች። አምባሰል ደጋው ላይ የቀረነው አባቴ፣ ታናሽ እህቱና እኔ ነን። የሚሸጥ ከብት አለቀ፤ ለዘር የተቀመጠውም ተበላ። እንደ ሌላው ሰው ወደ አስፋልቱ ወረድን። ያኔ ሰው ሁሉ ወደ አስፋልቱ ነበር የሚወርደው፤ መኪና ካለበት እህል አይጠፋም ብሎ። እኔን አዝሎኛል፤ እሷ በእግሯ ናት። መንገድ ላይ እግሯ አበጠ። አንድ የእስላም ቤት ደጃፍ ተቀመጡ። የቤቱ እመቤት ወጥተው አዩአትና «አብሽር ልጄ። ይቺን ለእኔ ተዋት። ዝናቡ ሲመለስ መጥተህ ትወስዳታለህ» አሉት።

ተዋት። ደሴ ገብቶ ሰኞ ገበያ ተሸካሚ ሆነ። ሁለት ክረምት አልፎ ሲመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ሰዎቹ ወደ ቆላ ወርደዋል ተባለ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ እንደ ገበያ ወሬ ነው፤ ድምፁ እንኳ ከፍ ዝቅ አላለም። የመንደሩን ስም ነገረኝ። የባለቤቱን ስም ነገረኝ። ሴትየዋ ልጅቱን ምን ብለው እንደሚጠሯት ሳይቀር ነገረኝ፤ ስሟን ወዲያው ነው የቀየሩላት። ወሎ ውስጥ ይህ አይገርምም። የአንድ አባት ልጆች አንዱ ታቦት ሲያነግሥ አንዱ መውሊድ ያከብራል።

እኔ ደግሞ በአንድ ጆሮዬ እሱን እየሰማሁ፣ በዓይኔ የመንገዱ ሥር ያለውን ቱቦ አያለሁ። ውሃው በቱቦው መሄዱን ትቶ በጎን እየቦረቦረ ነበር። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። ጥፋተኛ ነኝ አልልም። ውሃ መንገድ ሲበላ ቆሞ የሚያይ ቀያሽ ደመወዙን አይብላ። ደግሞም አባቴ በሕይወት አለ፤ ሌላ ቀን በደንብ ያጫውተኛል አልኩ። ዶዘሩ መጣ፤ ሄድን። እሱም ከዚያ ቀን በኋላ አንስቶት አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁት። ሲሞት ነው ያሰብኩት።

የወንድሜ ልጅ ከደወለች በኋላ ያንን ደብተር ፈልጌ አገኘሁት። «ዝናብ። ቱቦ በደለል ተደፍኗል። በስተቀኝ ቡርቦራ» ይላል። ርቀቱ በሜትር ተጽፏል። የሰው ስም የለበትም። መርሳ ይሁን ውርጌሳ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።

እናንተ ደግሞ ትገርሙኛላችሁ። ቡናው ሳይቀዳ ስኒውን ፎቶ ታነሳላችሁ። አቦሉ ይቀዘቅዛል፤ ቶናው ላይ ሁላችሁም አንገታችሁን ደፍታችኋል፤ በረካው ላይ ዱአ የሚያደርጉት አሮጊቷ ብቻቸውን ናቸው። «አሜን» የሚላቸው እኔ ነኝ፣ ክርስቲያኑ። አምና ለእንቁጣጣሽ አንዱ የእህቴ ልጅ በቴሌግራም የላከልኝ መልካም ምኞት ላይ የሌላ ሰው ስም ነበረበት። «እንኳን አደረሰህ» ብዬ መለስኩለት፣ ምን ላድርግ።

ስልኩን ግን አልጠላውም። እናቴ ማሲንቆ ስትሰማ አብራ የምታንጎራጉራትን አንዲት የአምባሰል ዜማ ወንድሜ በካሴት ቀድቶ አስቀርቷል፤ ያ ባይኖር ድምጿን እረሳው ነበር። እናም የሽማግሌዎቻችሁን ድምፅ ቅዱ። ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ «አሁን ተናገሩ» ካላችኋቸው ግን ሽማግሌዎች የሚነግሯችሁ ስብከት ነው። ጎመን ሲቀነጠስ፣ ቡና ሲቆላ፣ መኪና ሲጠበቅ ነው እውነተኛው ወሬ የሚወጣው።

«ያኔ ምን ተሰማዎት?» አትበሉ። የማን ቤት፣ የቱ ወንዝ ማዶ፣ ጤፍ በስንት ብር ብላችሁ ጠይቁ። ዓመት ስትጠይቁም በቁጥር አትጠይቁ። አባቴ «1966» ብሎ አያውቅም። ማርቆስ ወይስ ሉቃስ በሉ። ቁጥሩን እናንተ ታወጡታላችሁ፤ ዓመቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1966 ማርቆስ ነበር። 2018ም ማርቆስ ነው። በየ4 ዓመቱ ስለሚመላለስ ደግሞ «ጃንሆይ ከመውረዳቸው በፊት ነው በኋላ?» ብላችሁ አጥሩት። ሙስሊም እናቶች ጋ በረመዳንና በመውሊድ ጠይቁ፤ ወሩ ግን ከዓመት ዓመት ስለሚንሸራተት ክረምት ይሁን በጋ መጠየቅ አትርሱ።

ለወንድሜ ልጅ መልሼ ደውዬላታለሁ። መርሳ ስትወርጂ ቀበሌ ሄደሽ መዝገብ አታስገልብጪ አልኳት። በገበያ ቀን ትልልቆቹን ሴቶች ጠይቂ፤ በማርቆስ ከደጋ የወረደች፣ እግሯ ያበጠ ልጅ ያሳደገ ቤት ታውቃላችሁ ወይ በይ። ምናልባት ቤተሰቡ በ1977ቱ ሰፈራ ወለጋ ወይም መተከል ሄዶ ይሆናል፤ እሱንም ጠይቂ። ውርጌሳም ውረጂ፣ ቅርብ ነው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ለልምምድ ነው የምሄደው» አለችኝ። ትራንስፖርቱን እኔ እችላለሁ አልኳት።