«መቼ» ሳይሆን «ማን» ብለሽ ጠይቂ

እህቴ፣ «ዘ ማን ካም የስተርዴይ ኢዝ ማይ አንክል» (ትናንት የመጣው ሰው አጎቴ ነው) ብዬ ብጽፍ መምህሩ ለምን በቀይ ሰረዘብኝ ብለሽ ጠይቀሻል። ቱሉ ዲምቱ ነኝ ስላልሽ ጎረቤት ነን፤ እኔ ኮዬ ፈጬ ነኝ። እንደኔ ከሥራ መልስ ማታ ማታ የምትማሪ ይመስለኛልና ሪሌቲቭ ክሎዝ (እንደ «የመጣው» ስምን የሚገልጽ፣ በ«ሁ» ወይም በ«ዊች» የሚጀምር ሐረግ) ላይ ብዙ አልቆይም። ጥያቄሽ «ሁ»ን አውጥተን ክሎዙን በአይኤንጂ ወይም በቨርብ ስሪ ስለ ማሳጠር ነው።

1. ለአይኤንጂና ለቨርብ ስሪ (እንደ «ሶልድ» ላለው የግሱ ሦስተኛ መልክ) የተሰጡትን «ፕረዘንት» እና «ፓስት» የሚሉ መጠሪያዎች እርሺያቸው። እዚህ አካባቢ ያለ አንድ ማሠልጠኛ ገንዘባችንን ተቀብሎ «ድርጊቱ ካለቀ ቨርብ ስሪ፣ ካላለቀ አይኤንጂ» ሲለን ከረመ። ስንቱን ልጅ አበላሸ! የሚገለጸው ስም (ሰውየው ወይም ዕቃው) አድራጊ ከሆነ አይኤንጂ፣ ተደራጊ ከሆነ ቨርብ ስሪ ነው። «ዘ ዉማን ሴሊንግ ቶሜቶስ» ብትይ ሻጭዋ እሷ ናት፤ «ዘ ቶሜቶስ ሶልድ ሂር» ላይ ቲማቲሙ የሚሸጠው ዕቃ እንጂ ሻጩ አይደለም አይደል? አጎትሽ ደግሞ መጣ እንጂ ማንም አላመጣውም። «ካም» ፓሲቭ (የተደራጊ መልክ) ስለሌለው «ሁ» መመለስ አለበት፦ «ዘ ማን ሁ ካም የስተርዴይ»። «ካሚንግ የስተርዴይ» ብትይም አይሆንም፤ አንዴ ተፈጽሞ ያበቃ ድርጊት በአይኤንጂ አያጥርም።

2. የአማርኛውን «ተ» አይተሽ አትቸኩይ። «የተሰበረ» ብሮክን ነው፣ እሺ። «በሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ» ግን አድራጊዋ ራሷ ስለሆነች ሲቲንግ ናት።

3. አይኤንጂ ሁሉ ኮንቲኒዩስ (እየተደረገ ያለ ድርጊት) አይደለም። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለቅጥር ፈተና ማስታወቂያ አስጻፈን፤ «ኤኒዋን ዎንቲንግ ቱ አፕላይ» ብዬ ጀመርኩ። አራሚው «ዎንት አይኤንጂ አይወስድም» ብሎ ሰረዘው። «አይ አም ዎንቲንግ» እንደማይባል እኔም አላጣሁትም፤ እዚህ ግን «ሁ ዎንትስ» ነው ያጠረው። «ቢሎንጊንግ ቱ» እና «ኮንቴይኒንግ»ም እንደዚሁ ናቸው። ቅሬታዬን ይዤ ሄድኩ። የሰው ኃይሏ ሴትዮ ከስልኳ ቀና ሳትል «ከኮዬ ድረስ ለአንድ ቃል ነው የመጣኸው?» አለችኝ። አዎ፣ ታክሲ ቀያይሬ፣ ተሰልፌ፣ ለአንድ ቃል! ወረቀቴን አላሳዩኝም፣ ሥራውም አመለጠኝ። ዛሬ ሌላ ቦታ ነኝ፤ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሁሉ በእኔ እጅ ሳያልፍ አይወጣም። እሷ ታንብበው አታንብበው እንጃ።

ስለዚህ ፈተና ላይ ከተጠራጠርሽ «ሁ»ን ወይም «ዊች»ን አታውጪ። አሳጥሪ ካልተባልሽ በቀር ሙሉውን የጻፈ ማንም አይቀንስበትም። ክሎዙ የራሱ ባለቤት ካለው ደግሞ፣ እንደ «ዘ ሀውስ ዊች ማይ ፋዘር ቢልት»፣ አይኤንጂ አይነካውም። ካማረሽ ገልብጠሽ «ዘ ሀውስ ቢልት ባይ ማይ ፋዘር» በዪው።

«ቢይንግ» መቼ ይገባል ላልሽው፣ መስኮትሽን ከፍተሽ እዪ። ገና ስሚንቶ የሚቦካበት ሕንፃ «ዘ ብሎክ ቢይንግ ቢልት» ነው። አምና አልቆ ሰው የገባበት «ዘ ብሎክ ቢልት ላስት ይር» ይባላል፤ ውሃው አራተኛ ፎቅ ባይደርስም።