ስለ «ኦኬ ኮምፒዩተር» ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ጽሑፌ ከሮክ አልበሞች ሁሉ አብልጬ የምወደው የእንግሊዙ ራዲዮሄድ ቡድን «ኦኬ ኮምፒዩተር» እንደ ሆነ ገልጬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰሜን ሸዋ ከተሞች በርከት ያሉ ጥያቄዎች ደርሰውኛል፤ አምስቱን ዛሬ እመልሳለሁ። አልበሙን ለማያውቁ አንባቢዎች ያህል፣ በእንግሊዝ አገር የወጣው በሰኔ 1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ 12 ክፍሎች ያሉት የ53 ደቂቃ ሥራ ነው፤ በተከታዩ ዓመትም በአልተርኔቲቭ ሙዚቃ ዘርፍ የግራሚ ሽልማት አግኝቷል።

«ሁለት ጊዜ ሞክሬ ከሁለተኛው ዘፈን ማለፍ አቃተኝ። ከየት ልጀምር?» (ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

ያቆመህ «ፓራኖይድ አንድሮይድ» ነው፤ በእርሱ መቆምህም አያስወቅስህም። ለየብቻ የተደረሱ ክፍሎች ተጋጥመው የተሠሩበት፣ ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚረዝም ዘፈን ስለ ሆነ፣ ቁጣው ገና ሳይለመድ ድንገት ወደ ቀስታ ልመና ይወርድና ተመልሶ ይነሣል። እኔ የምመክርህ ከአምስተኛው፣ ከ«ሌት ዳውን» እንድትጀምር ነው። በጆሮ ማዳመጫ ስማው። ሲጀምር የምትሰማው የቡድኑ ጊታር ተጫዋች የጆኒ ግሪንዉድ ጊታር በአምስት ሲቆጥር የቀሩት መሣሪያዎች በአራት ስለሚቆጥሩ፣ ዜማው በእኩል እየሄደ ጊታሩ ግን ከምቱ እየተንሸራተተ፣ እንደገናም እየተገናኘ ይጓዛል። ይህን ዘፈን የቀረጹት በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ አጠገብ ባለ አሮጌ መኖሪያ ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ግጥሙ ከመንገድ ወደ መንገድ፣ ከማረፊያ ወደ ማረፊያ የሚንከራተት፣ እንደ ተረገጠ ተባይ የደቀቀ ሰው ስሜት ነው፤ ያው ሰው ግን አንድ ቀን ክንፍ እንደሚያወጣ ይናገራል። ወደ መጨረሻው የዘፋኙ የቶም ዮርክ ድምፅ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በቦታው ቀርቶ የቀድሞውን ሲደግም ሌላው ከላዩ እየወጣ ይሄዳል። ስንት ዓመት ሰምቼው እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ዛሬም የያዝሁትን ሥራ አቆማለሁ። ይህን ከወደድኸው ወደ መጀመሪያው ተመልሰህ ሁሉንም በተራው ስማ፤ ሁለተኛው ዘፈን ያን ጊዜ አያስቆምህም።

«የቅጥቅጥ ሾፌር ነኝ። የመጀመሪያው ዘፈን ስለ መኪና አደጋ ነው የሚሉት እውነት ነው?» (ከሸዋ ሮቢት)

እውነት ነው። «ኤርባግ» (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ተሳፋሪውን የሚያድነው የመኪና ከረጢት) ከአደጋ በሕይወት የተረፈ ሰው የሚናገረው ዘፈን ነው፤ ዮርክ ራሱ በወጣትነቱ የመኪና አደጋ ደርሶበት ስለ ነበር፣ በመኪና ላይ ያደረበት ፍርሃት በሌሎች ዘፈኖቹም ይታያል። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ዘፈኑ ስለ አደጋው ሳይሆን ከአደጋው በኋላ ስላለችው ደቂቃ የተጻፈ መሆኑን ነው። ይህችን ደቂቃ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቋታል። አንድ የሐምሌ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ተነሥተን የጣርማ በርን ዋሻ ካለፍን በኋላ፣ ወደ ደብረ ሲና በሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ጉሙ የመንገዱን ዳር እንኳ በሸፈነበት ሰዓት፣ አንድ የጭነት መኪና ከፊታችን ድንገት ብቅ አለ። ሾፌራችን እንደ ምንም ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ አቆመ። ለጥቂት ጊዜ የዝናብ መጥረጊያው ሲንቋቋ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት «ተመስገን» አሉ፤ እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል ያልተለዋወጥን ተሳፋሪዎች ሁላችንም በአንድነት ማውራት ጀመርን፤ ቆሎም ዞረ። «ኤርባግ»ን ስሰማ ትዝ የሚለኝ ያ ቆሎ ነው። የከበሮው ምት የተቆራረጠ የሚመስለውም የቡድኑ ከበሮ መቺ ፊሊፕ ሴልዌይ የተጫወተውን ጥቂት ሰከንድ ወስደው በኮምፒዩተር ቆርጠው ስለ ቀጠሉት ነው።

«የ17 ዓመት ልጄ ማታ ማታ "ኤግዚት ሙዚክ" የሚባለውን ዘፈን ይደጋግማል። ቋንቋው ባይገባኝም ልቅሶ ይመስለኛል። ልከልክለው?» (እናት፣ ከመሐል ሜዳ)

የተከበሩ እናቴ፣ እባክዎን አይከልክሉት። ልቅሶ መስሎ የታየዎት ያለ ምክንያት አይደለም። ዘፈኑ በሮሜዎና ጁልየት ታሪክ ላይ ለተሠራ ፊልም መዝጊያ የተደረሰ ሲሆን፣ ሁለት ወጣቶች አባት ሳይነቃ ለመጥፋት ሲዘጋጁ አንዱ ሌላውን የሚያባብልበት ነው። ድምፁ የተቀረጸው በድንጋይ ደረጃ ላይ ስለ ነበር፣ የግድግዳው ማስተጋባት ከድምፁ ጋር አብሮ ገብቷል።

እርስዎ ግን ይህን ዓይነት ሙዚቃ ከማንም በፊት ያውቁታል። በሁዳዴ በገና ሲደረደር ቤቱ በሙሉ ዝም የሚለው አዝኖ ብቻ አይደለም፤ ኀዘኑ ሥርዓት ባለው ድምፅ ሲነገር ለሰሚው ዕረፍት ስለሚሆን ነው። በበገናው አውታር ሥር የምትገባው የቆዳ እንዚራ ድምፁን እንደምታስነዝረው ሁሉ፣ በዚህ ዘፈን አጋማሽ ላይ ከበሮው ሲገባ ቤዝ ጊታሩ ሆን ተብሎ በሻከረና በሚነዝር ድምፅ ይነሣል። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ በገናው ጸሎት ነው፤ ይህ ግን አይደለም። ሆኖም በገና የለመደ ጆሮ ይህን ዘፈን ለመረዳት ሩቅ መንገድ አይሄድም። አንድ ማታ አጠገቡ ይቀመጡና አብረው ይስሙት፤ ምን እንደሚልም ይተርጉምልዎ። ምግብና እንቅልፍ የራቀው፣ ከባልንጀሮቹም የተለየ እንደ ሆነ ግን፣ ያን ጊዜ ስለ ዘፈኑ ሳይሆን ስለ ራሱ ይጠይቁት፤ ወደ ጤና ተቋም መውሰድም አያሳፍርም።

«በአልበሙ መካከል፣ ዜማ ሳያወጣ የሚናገረው ሰው ማን ነው?» (ከደብረ ሲና)

ሰው አይደለም። በ«ፊተር ሃፒየር» ውስጥ የሚናገረው የማኪንቶሽ ኮምፒዩተር የማንበቢያ ድምፅ ነው። ስለ ጤናና ስለ ሥርዓት ያለው ኑሮ ምክር ይደረድራል፤ ምክሩ ግን እየቆየ ያስፈራል። አልበሙን ስሰማ እርሱን አልዘልለውም፤ ለብቻው ግን ሰምቼው አላውቅም።

«አልበሙ በደወል ድምፅ የሚያልቀው ለምንድን ነው?» (ከሸኖ)

የመጨረሻውን ዘፈን «ዘ ቱሪስት»ን የደረሰው ጆኒ ግሪንዉድ ነው፤ መነሻውም በፈረንሳይ አገር ጎብኚዎች ሁሉን በአንድ ቀን ለማየት ሲጣደፉ መመልከቱ ነበር። ዜማው ዝግ ያለ ነው፤ በመሣሪያዎቹ መካከል ብዙ ባዶ ቦታ ተትቷል፤ ዘፋኙም ፍጥነትህን ቀንስ እያለ ይለምናል። ከዚያ መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ ይተዉና «ቲንግ» የምትል አንዲት ትንሽ ደወል ብቻ ትቀራለች። እኔ የምሰማው እንዲህ ነው፦ በመኪና አደጋ የተከፈተው አልበም የሚዘጋው አንድ ሰው በመጨረሻ ፍሬን ሲይዝ ነው። ስለዚህ በስልክዎ የሚሰሙ ከሆነ፣ ደወሏ እንደ ተመታች ሌላ ዘፈን እንዳይገባብዎ ተከታታይ ማጫወቻውን አስቀድመው ያጥፉት።