ከቪዲዮ ቤት በር ላይ ሆኜ ያወቅኋቸው ጭራቆች

ጠያቂው ወንድማችን «ድራኩላን፣ ፍራንከንስታይንንና ዞምቢን ተዉልኝ፤ የሚገባቸውን ያህል ስም ያላገኙ የአስፈሪ ፊልም ጭራቆች የትኞቹ ናቸው? ደም ማየት ለማትወድ ታናሽ እህቴስ ከየትኛው ልጀምርላት?» ብሎ ጠይቋል። ፍራንከንስታይን የሠሪው እንጂ የጭራቁ ስም አለመሆኑን ጠቁሜ ወደ መልሴ ልግባ።

የፊልም ትምህርት የለኝም፤ ያለኝ የበር ልምድ ነው። ከ1988 እስከ 1992 ዓ.ም. ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ገንዘብ ተቀባይም ካሴት አጠንጣኝም ነበርኩ። ወንበሬ በሩ ሥር ስለነበር ከቴሌቪዥኑ ይልቅ የተመልካቹ ፊት ይታየኝ ነበር። ስለዚህ ጭራቅን የምመዝነው ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወጣ አረማመዱን አይቼ ነው። የቫምፓየር ፊልም ባሳየን ቀን ወጣቱ ጥርሱን እያገጠጠ፣ እየተሳሳቀ ይወጣል። «ትሉ» በታየበት ምሽት ግን የሳቀ አልነበረም።

«ትሉ» የምንለው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን «ትሬመርስ» ነው። በኔቫዳ በረሃ፣ ጥቂት ሰዎች በሚኖሩባት አንዲት የፈጠራ መንደር ሥር ግዙፍ ትሎች ይመላለሳሉ። ዓይን የላቸውም፤ የሚያድኑት የመሬቱን ንዝረት ተከትለው ነው። ድንጋይ ላይ የወጣ ይተርፋል፣ አፈር የረገጠ ይበላል። ፊልሙን የተሸከመችው ይህች አንዲት ሕግ ናት። ተመልካቹ ሕጉን ስለሚያውቅ እሱም አብሮ ይጫወታል፤ የኛዎቹ ደንበኞች ገና ፊልሙ ሳይጋመስ እግራቸውን አንሥተው አግዳሚው ላይ ሰቅለው ነበር። ጨለማም አላስፈለገውም። በጠራራ ፀሐይ ባዶ ሜዳ እያሳየ ያስፈራል። በዚያ ላይ ትሎቹ ይማራሉ፤ ሰዎቹ በከባድ ማሽን ሲሸሹ መንገዱን ቀድመው ቆፍረው ወጥመድ ያደርጉባቸዋል።

ያን ምሽት ስንዘጋ የሰፈሩ ልጆች በቦዩ ጠርዝ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለሉ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ቆሜ አየሁ። ደንበኛችን የነበረ አንድ የጋሪ ነጂ ደግሞ ልጓሙን እንደያዘ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየና «የዚህ ፈረስ ኮቴ እኮ ከሩቅ ይሰማል» አለኝ። ግማሹ ቀልድ ነበር። ለአንድ ጭራቅ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሲቀርብ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ፊልሙ በሲኒማ ቤት ብዙም ገበያ አልቀናውም፤ ዕድሜ ያገኘው በካሴት ነው። ስንት ጊዜ እንዳጠነጠንኩት ስለማውቅ ይህ አይገርመኝም።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1954 የመጣው ሰው መሰል ዓሣ ነው፤ ፊልሙ «ክሪቸር ፍሮም ዘ ብላክ ላጉን» ይባላል። በራችን ላይ በነበረው ሰሌዳ በጠመኔ «የጥቁር ውሃው ፍጡር» ብዬ ስጽፈው፣ የከተማችን መግቢያ ስለሆነችው ጥቁር ውሃ መስሎት የመጣው ሰው ቀላል አልነበረም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ መሆኑ ሲታወቅ ግማሹ ገንዘቤ ይመለስ አለ። የቀሩት ግን አንዲት ሴት ስትዋኝ ፍጡሩ ከሥሯ ተንጋሎ፣ ሳይነካት፣ እኩል እየቀዘፈ ሲከተላት አዩ። ልብሱን ለብሶ ውሃ ውስጥ የዋኘው ሪኩ ብራውኒንግ ጀርባው ላይ የአየር ጋን አልነበረውም፤ ትንፋሹን ውጦ ነው የተቀረጸው። የብስ ላይ የሚራመደው ሌላ ሰው ነው፣ ቤን ቻፕማን። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የሠሪዋ ነገር ነው። የፍጡሩን መልክ የነደፈችው ሚሊሰንት ፓትሪክ ነበረች፤ አለቃዋ ባድ ዌስትሞር ምስጋናውን ለራሱ ፈለገው፣ እሷም ከስቱዲዮው ሥራዋን አጣች። እውቅና ይገባዋል ሲባል እዚህ ላይ የማስበው ከጭራቁ ይልቅ እሷን ነው።

ሦስተኛውን ያየሁት ቪዲዮ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ በዲቪዲ ነው፤ የቦንግ ጁን ሆ «ዘ ሆስት»፣ እ.ኤ.አ. 2006። በአገሩ በደቡብ ኮሪያ 13 ሚሊዮን ያህል ተመልካች ያገኘን ፊልም ያልታወቀ ማለት ያስቸግራል። እኛ ዘንድ ግን የዳይሬክተሩ ስም ሲነሳ የሚወራው ስለ «ፓራሳይት» ነው፤ ይህ ጭራቅ ይዘለላል። ነገሩ የሚጀምረው በአሜሪካ ጦር ሰፈር ውስጥ ፎርማልዲሃይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል በቧንቧ ወደ ሃን ወንዝ ሲደፋ ነው፤ መነሻ የሆነውም እ.ኤ.አ. በ2000 ሴኡል ውስጥ በእርግጥ የተፈጸመ ድርጊት ነው። ዳይሬክተሩ ጭራቁን አይደብቅም። ገና ፊልሙ ሳይሞቅ፣ በቀን፣ ሰው ተዝናንቶ በተቀመጠበት ወንዝ ዳር ወጥቶ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ደግሞ ይንሸራተታል። ሲሮጥ እግሩ የሚከዳው ጭራቅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ከክፋት ይልቅ መከራ የበዛበት እንስሳ ይመስላል። የሚፋለመውም ጀግና ወታደር አይደለም፤ በወንዙ ዳር ከአባቱ ጋር መክሰስ የሚሸጥ እንቅልፋም ሰው ነው፣ ልጁን የተነጠቀ።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ በልታችሁ የምታውቁ ስሜቱ ይገባችኋል። ጠባሾቹ፣ ሆድ ዕቃ እስኪጣልላቸው የቆሙት አባ ኮዳዎች፣ እግሩን ውሃ ውስጥ የነከረው ሕፃን፣ ሁሉም የዚያ ፊልም መክፈቻ ይመስላል። ሲመሽ ጉማሬ ለግጦሽ እንደሚወጣ እያወቅን ላደግን ሰዎች የሐይቅ ዳር ፍርሃት ተረት አይደለም፤ ወደ ሐይቁ ስለሚገባው ፍሳሽ ደግሞ ሳይወራ የሚያልፍ ዓመት የለም። ፊልሙን ባየሁ ማግስት ዓሣ ልበላ ሄጄ ጀርባዬን ለውሃው መስጠት አቃተኝ፤ ቦታ ስቀያይር የታዘበኝ አስተናጋጅ «ጋሼ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለኝ።

ከእኔ በፊት የመለሳችሁ ሁለት ሰዎች «ዘ ቲንግ»ን አንሥታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ገበያ አልቀናውም፣ እውነት ነው። ዛሬ ግን የማያወድሰው ስለሌለ ከተረሱት ተራ ወጥቷል። «ዘ ዲሰንት» ላይ ያሉት ዓይነ ስውር የዋሻ ፍጡራን ይሻላሉ፤ ተዋናዮቹ የመጀመሪያው ትዕይንት እስኪቀረጽ ድረስ ፍጡራኑን እንዳያዩ ተደርገው ነበር፣ ጩኸታቸውም ያስታውቃል።

እህትህን በዓሣው ጀምርላት፤ 79 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ደሙም ከዓሣ ገበያ ያነሰ ነው። ከዚያ «ትሉ»፤ ከትሎቹ የሚረጨው ብርቱካናማ ስለሆነ ደም አሳየኸኝ ብላ አትከስህም። «ዘ ሆስት»ን ሐይቅ ዳር ምሳ ከበላችሁ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አታሳያት። «ዘ ዲሰንት»ን ደብቀው።