አባታችንን እየሳቅን ብናስታውሳቸው ነውር ነው?

ውድ ጠያቂያችን፣ አባትዎ ካረፉ 11 ወር እንደሆናቸው ጽፈውልኛል። ቤት ሳይደርሱ ፉጨታቸው ቀድሞ የሚሰማ፣ ከ5 ዓመቷ ልጅዎ ጋር ካርታ ሲጫወቱ አንዷን ካርታ ከጭናቸው ሥር ሸሽገው «አባባ ሌባ!» ብላ እስክትይዛቸው ድረስ ምንም እንደማያውቅ ሰው የሚቀመጡ፣ ቁጣቸውም እንደ ጨዋታቸው ፈጣን የሆነ ሰው ነበሩ። አሁን እርስዎ ይህን እያነሱ ሲስቁ ታናሽ ወንድምዎ «በሞተ ሰው ይሳቃል?» ብሎ ይነሳል፤ እናትዎ ዝም ይላሉ፤ ልጅዎም «አባባ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለች ትጠይቃለች። ሳቅዎ ጥፋት ይሁን አይሁን እንድነግርዎ ጠይቀዋል።

ጥፋት አይደለም። ዳከር ኬልትነርና ጆርጅ ቦናኖ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ካጡ ስድስት ወር ገደማ የሆናቸውን ሰዎች ስለ ሟቹ እንዲያወሩ አድርገው ፊታቸውን በጥንቃቄ አጥንተዋል። ስለ ሟቹ ሲናገሩ ዓይናቸው ጭምር እየተጨማደደ ከልባቸው የሳቁት ሰዎች ንዴታቸው ያነሰ፣ ከሌሎች ጋር ያላቸው ግንኙነትም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ሳቁ ሐዘናቸውን አላጠፋውም፤ ከሐዘናቸው ጋር አብሮ ይኖር ነበር እንጂ። አባትዎ ሕይወታቸውን ሙሉ ሰው ሲያስቁ ኖረው፣ ስማቸው በተነሳ ቁጥር ሁሉም አንገቱን የሚደፋ ከሆነ የሚታወሱት እሳቸው ሳይሆኑ ሌላ ሰው ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ የማየው ነገር ነውና። ሰው ሲሞት ጠባዩን ማለስለስ ይጀመራል፤ ቁጡው ታጋሽ፣ ቀልደኛው ጭምት፣ አስቸጋሪው ቅዱስ ይሆናል። ይህ የሚደረገው በፍቅር መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ሳቁንም ኩርፊያውንም አብረውት ያሳለፉ ልጆች የሚያዝኑለትን ሰው ያጡታል። አባትዎ በር ጥለው የወጡበትን፣ ተመልሰውም ይቅርታ ማለት ሲያቅታቸው እንዲሁ እያፏጩ የገቡበትን ቀን መናገር ክብራቸውን አይነካም። በእኛ ሙያ ለረጅም ጊዜ ሐዘን ማለት ከሟቹ ጋር ያለውን ትስስር ቀስ በቀስ መፍታት ነው ይባል ነበር። ዴኒስ ክላስ፣ ፊሊስ ሲልቨርማንና ስቲቨን ኒክማን በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ይህን አስተሳሰብ ሞግተው፣ ብዙ ሐዘንተኞች ትስስሩን መልኩን ቀይረው ይዘውት እንደሚቀጥሉና ይህም በራሱ ሕመም እንዳልሆነ አሳይተዋል። በእኔ እምነት ትስስሩ ጤናማ የሚሆነው ከእውነተኛው ሰው ጋር ሲሆን ነው።

ወንድምዎን ግን እንደ ተቃዋሚ አይዩት። ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዱት፣ ሐዘንተኛ ሰው አንድ ጊዜ ወደ ናፍቆቱ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ዕለት ኑሮው እየተመላለሰ ነው የሚኖረው፤ የአንድ ቤት ልጆችም ሁልጊዜ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይገኙም። እርስዎ ለማስታወስ በተዘጋጁበት ሰዓት እሱ ስሜቱን አፍኖ ለመቆም እየታገለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰው በተሰበሰበበት አይከራከሩት፤ ለብቻው ሲያገኙት «እኔ የምስቀው ስለሚናፍቁኝ ነው፤ አንተ ደግሞ ስማቸው ሲነሳ ምን ይሰማሃል?» ብለው ይጠይቁትና ሳያቋርጡ ያዳምጡት። መልስ ካልሰጠ አያስገድዱት።

ለልጅዎ የሚነገረው ቃል አጭርና ግልጽ ይሁን። «ሩቅ አገር ሄዷል» ወይም «ተኝቷል» የተባለ ሕፃን መመለሱን ይጠብቃል፤ አንዳንዱም መተኛት መፍራት ይጀምራል። «አባባ ሞቷል፤ ሰው ሲሞት ሰውነቱ መሥራት ያቆማል፤ ተመልሶ አይመጣም፤ እኛም በጣም ይናፍቀናል» ይበሏት። ሞት መመለሻ እንደሌለው አብዛኞቹ ልጆች በደንብ የሚረዱት ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ነውና ያንኑ ጥያቄ ደጋግማ ብትጠይቅ አይደንግጡ፤ ያንኑ መልስ ይስጧት። አልቅሳ ወዲያው ወደ ጨዋታዋ ብትሮጥም ልጆች የሚያዝኑት እንዲሁ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ትዝታ በቀላሉ ይደበዝዛል፤ የሚጸናው አዋቂዎች ከልጁ ጋር ሲያወሩት ነው። የካርታውን ጨዋታ እርስዎ ብቻ አይተርኩላት፤ «ካርታዋን የት ነበር የሚደብቃት?» ብለው እሷ እንድትነግርዎ ያድርጉ። ድምፃቸውን እንዳልረሳ እፈራለሁ ላሉትም፣ በስልክዎ የቀሩትን የድምፅ መልእክቶች ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጠው ያስቀምጡ፤ ለመስማት ዝግጁ የሚሆኑበት ቀን ሌላ ሊሆን ይችላል።

ከደብዳቤዎ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት ነገር ነው፦ እናትዎ ከቤት መውጣት መተዋቸውና ያለ ልመና እህል አለመቅመሳቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች ምደባ፣ ከስድስት ወር በላይ ሳይበርድ የሚቆይና የዕለት ኑሮን የሚያውክ ብርቱ ናፍቆትና ሐዘን ራሱን የቻለ የጤና ችግር ተብሎ ተመዝግቧል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመዘኛ ደግሞ ለአዋቂ ሰው 12 ወር ይጠብቃል። የእናትዎ ሁኔታ ይህ ይሁን፣ ድባቴ ይሁን፣ ወይስ የአካል ሕመም፣ በደብዳቤ መለየት አልችልም፤ ያየ ባለሙያ ግን ይለየዋል፣ ሕክምናም አለው። «ጊዜ ይሽረዋል» ብለው ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው፤ ወንድምዎም አብሯችሁ ይሂድ።