ፕሮግራሙ በእርግጥ ፈጥኗል?

ጥያቄ፦ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። ወርኃዊ ሂሳብ የሚያጠቃልል ፕሮግራማችን ውስጥ አንዱን ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚያከናውን የኮድ ክፍል) እንደ አዲስ ጽፌ ባስኬደው የሚፈጀው ጊዜ ከ10 ሰከንድ ወደ 9.6 ሰከንድ ወረደ። በማግስቱ አሮጌውንና አዲሱን ደግሜ ስለካ ግን ልዩነቱ ጠፋ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ለጊዜው አንዱንም አይመኑ፤ ደግመው መለካትዎ ግን ብዙዎች የሚዘሉት እርምጃ ነውና ደስ ብሎኛል። የ4 በመቶ ልዩነት ኮዱ ሳይነካ እንኳ ሊታይ ይችላል። ፕሮሰሰር ከልክ በላይ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከዲስክ አንድ ጊዜ የተነበበ ፋይልም ሜሞሪ ውስጥ ስለሚቆይ፣ ኋላ የተለካው ፕሮግራም ያለ ሥራው ፈጣን መስሎ ይታያል።

ከእነዚህ ይበልጥ የሚያታልለው የኮዱ አቀማመጥ ነው። ጥቂት መስመሮች ሲለወጡ ከእነርሱ በኋላ ያለው ኮድ ሜሞሪ ውስጥ የነበረውን ቦታ ሊለቅ ስለሚችል፣ ፕሮግራሙ ከለውጡ ብልሃት ጋር በማይገናኝ ምክንያት ሊፈጥን ወይም ሊዘገይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ቻርሊ ከርትሲንገርና ኤመሪ በርገር፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ አቀማመጡን በዘፈቀደ ደጋግሞ የሚቀያይር መሣሪያ ሠርተው ሲለኩ፣ ኤልኤልቪኤም በተባለው ኮምፓይለር (የተጻፈን ኮድ ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው ቋንቋ በሚተረጉም ፕሮግራም) ሦስተኛው የማፍጠኛ ደረጃ ከሁለተኛው የሚያስገኘው ብልጫ ከአጋጣሚ መዋዠቅ ተለይቶ አልታየም። የኮምፓይለር ባለሙያዎች የደከሙበት ብልጫ እንዲህ ከሆነ፣ በአንድ ሙከራ የተገኘ 0.4 ሰከንድ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው አሮጌውን ከራሱ ጋር ያወዳድሩ። ያንኑ ፕሮግራም በሁለት ስም አስቀምጠው፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ እያፈራረቁ እያንዳንዱን 30 ጊዜ ያህል ያስኪዱ፤ ሁለቱ መንትዮች በ4 በመቶ ከተለያዩ አለካክዎ 4 በመቶን ማየት አይችልም ማለት ነውና አዲሱን ለመመዘን ገና ነው። ሲመዝኑም አማካዩን ብቻ ሳይሆን ውጤቶቹ ምን ያህል እንደተራራቁ ይመልከቱ።

በመጨረሻ ፈንክሽኑ ከጠቅላላው ጊዜ ስንት እንደሚወስድ በፕሮፋይለር (እያንዳንዱ የፕሮግራሙ ክፍል የሚፈጀውን ጊዜ በሚለካ መሣሪያ) ያረጋግጡ። የኮምፒውተር ንድፍ ባለሙያው ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ካቀረበው ሐሳብ የሚወጣው ስሌት እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል፦ 5 በመቶ የሚወስድን ክፍል በ10 እጥፍ ቢያፈጥኑት እንኳ ከጠቅላላው የሚተርፈው 4.5 በመቶ ብቻ ነው። የእርስዎ ፈንክሽን ቀድሞውኑ ከ10 ሰከንዱ 0.3 ሰከንድ ብቻ ይወስድ ከነበረ፣ በመጀመሪያው ቀን ያዩት 0.4 ሰከንድ ከእርሱ ሥራ የተገኘ አይደለም።