ለሰፈራችን ትምህርት ቤት፦ ከበጀት እስከ ርክክብ (ጥያቄና መልስ)

ከአያት፣ ከየካ አባዶ፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከጀሞ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአለሁ። የምመልሰው የአዲስ አበባን አሠራር ይዤ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ ነዋሪው በብዛት የሚሰበሰበው የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ነው። ቦታው፣ የክፍሎቹ ቁጥርና ገንዘቡ ግን የሚወሰኑት ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ከገባን ዓመታት አለፉ፤ ልጆቻችን ግን እስከ ዛሬ በታክሲ ነው የሚመላለሱት። በየዓመቱ እንጠይቃለን፣ "በዕቅድ ይዘናል" ይሉናል። ምን እናድርግ?

የምትጠይቁት መቼ ነው? ብዙው ሰው መስከረም ላይ፣ ምዝገባ ሞልቷል ሲባል ነው የሚነሣው። የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። መስከረም ላይ የዓመቱ ገንዘብ ተከፋፍሎ አልቋል፤ የሚሰጣችሁም መልስ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆን ተስፋ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ የሚያዘጋጁት በበጋው አጋማሽ ስለሆነ፣ ጥያቄያችሁ በጽሑፍ ሆኖ በጥርና በመጋቢት መካከል ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይድረስ። ግልባጩን ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ለምክር ቤት ተወካዮቻችሁ ላኩ።

"ልጆቻችን ተቸገሩ" የሚል ደብዳቤ ብቻውን ፋይል ውስጥ ይቀራል። ቁጥር አያይዙ። በየብሎኩ ያለው ኮሚቴ ልጆችን በዕድሜ ይመዝግብ። የአሁኑ አደረጃጀት 2 ዓመት ቅድመ አንደኛ፣ 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ (7ኛና 8ኛ)፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ስለሆነ፣ መዝገቡም በአራት ይከፈል። ለምሳሌ 40 ብሎክ ባለው ሳይት በየብሎኩ በአማካይ 25 የአንደኛ ደረጃ ልጆች ካሉ 1,000 ይሆናሉ። በአንድ ክፍል 50 ቢቀመጡ 20 መማሪያ ክፍል ያስፈልጋል። በሁለት ፈረቃ ከተባለ 10 ይበቃል፤ ፈረቃ ግን የልጁን የትምህርት ሰዓት ይቆርጣል፣ ሕንፃውንና ሽንት ቤቱንም በእጥፍ ያስለፋል። ስለዚህ "ፈረቃን ሳይጨምር 20 ክፍል" ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚማሩ ልጆች ካሉ ለየብቻ ቁጠሯቸው። በድምሩ 3 ክፍል የሚሞሉ ልጆች በቋንቋ ሲከፈሉ 4 ክፍል ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ይህ በዕቅድ ካልተያዘ ሲከፈት ችግር ይሆናል።

ጥያቄ፦ የእኛ ቦታ "ለትምህርት ቤት የተያዘ" ነበር። አሁን ሌላ ሰው ቆርቆሮ እያጠረበት ነው። ፕላኑ አይከላከልልንም?

ፕላን ላይ ቀለም መቀባትና ይዞታ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መዋቅራዊ ፕላኑ "እዚህ አካባቢ አገልግሎት ይኖራል" ይላል። የአካባቢ ልማት ፕላኑ ወደ ፓርሴል (ወሰን ወዳለው ቁራሽ መሬት) ያወርደዋል። ቦታውን በእርግጥ የሚያስከብረው ግን በትምህርት መሥሪያ ቤቱ ስም የወጣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ነው። የሊዝ አዋጁ (721/2004) ለእንዲህ ያለ የሕዝብ አገልግሎት ያለ ጨረታ፣ በምደባ መሬት እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ "ጨረታ እየጠበቅን ነው" የሚል መልስ ከተሰጣችሁ እንደገና ጠይቁ።

ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ቦታው በአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ በምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ ካርታ ወጥቶለት እንደሆነና በማን ስም እንደሆነ፣ ከሦስተኛ ወገን ነፃ መሆኑን። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥርና ቀን ያለበትን ግልባጭ ያዙ። በመረጃ ነፃነት አዋጁ (590/2000) መሠረት የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። በቃል የተጠየቀ ነገር ግን ቀን አይቆጠርለትም።

መሬቱ የአርሶ አደር ይዞታ ከነበረ ካሳው መከፈሉንም አረጋግጡ። ሕገ መንግሥቱ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል። ካሳው ሳያልቅ ግሬደር ከገባ ሥራው ይቆማል፤ መቆሙም ተገቢ ነው። የእኛ ልጆች ትምህርት ቤት በሌላው ልጅ እንጀራ ላይ መሠራት የለበትም።

ጥያቄ፦ የምክር ቤት ተወካያችን ምን ሊያደርግ ይችላል?

ገንዘብ አያዝም፣ ተቋራጭም አይቀይርም። በጀቱ ለውይይት ሲቀርብ "የእኛ ትምህርት ቤት በየትኛው መስመር ነው ያለው?" ብሎ መጠየቅ፣ በኋላም ቋሚ ኮሚቴው ሳይቱን እንዲያይ ማድረግ ይችላል። የፕሮጀክቱን ትክክለኛ ስም ይዛችሁ ሂዱ፤ "ትምህርት ቤታችን" የሚል መስመር በጀት ውስጥ የለም።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጦ ሣር የበቀለበት ብዙ ነው። ገንዘቡ ተበላ ማለት ነው?

አንዳንዴ ተበልቶ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን መንስኤው የቀን መቁጠሪያው ነው። በጀቱ የሚለቀቀው ሐምሌ ላይ፣ ክረምቱ ሲጠነክር ነው። ጨረታ ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ቅሬታ ተሰምቶ ውል እስኪፈረም ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ይሆናል። ተቋራጩ ሳይት ሲረከብ ለደረቅ ሥራ የቀረው ጊዜ እስከ ግንቦት ነው። መሠረቱ በግንቦት ካልወጣ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፣ ሰኔ 30 ሲደርስ ደግሞ ያልተከፈለው ገንዘብ ወደ ካዝና ይመለሳል። በአዲሱ ዓመት እንደገና መለመን ይመጣል።

ሁለተኛው መንስኤ ገንዘብ አያያዝ ነው። ተቋራጩ እስከ 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ በዋስትና ሊወስድ ይችላል፤ ለውል ማስከበሪያም 10 በመቶ ያስይዛል። ቅድሚያ ክፍያውን ሲሚንቶና ፌሮ ካልገዛበትና ዋጋ ከናረ ሥራው ይቆማል። መዘግየቱ የተቋራጩ ጥፋት ከሆነ ቅጣቱ በቀን 0.1 በመቶ ነው፤ ጣሪያው የውሉ 10 በመቶ። 100 ቀን ካለፈ በኋላ ቅጣት ብቻውን ምንም አያስገድድም ማለት ነው። ስለዚህ ወደ 60ኛው ቀን አካባቢ "ውሉ ይቋረጥ ወይስ ይራዘም?" የሚለው ጥያቄ እንዲነሣ ግፊት አድርጉ።

ሳይቱ ላይ ባለቤት፣ ተቋራጭ፣ አማካሪ፣ የውል ዋጋ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን የተጻፈበት ሰሌዳ ከሌለ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በእኛ በኩል መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው። በአቅራቢያ ያለ ትምህርት ቤት በሁለት ዓመቱ ተሰነጠቀ። ለምን?

መረሬ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይጨማደዳል። ጥርና የካቲት ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታያላችሁ። በላዩ ላይ ያረፈ ወለልም አብሮት ይነሣል፣ ይወርዳል። ምልክቱን በቀላሉ ትለዩታላችሁ፦ ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ከግድግዳ የተላቀቀ ሊሾ፣ ክረምት ላይ አልከፈት የሚል በር።

ፎቅ ሕንፃው ራሱ ብዙውን ጊዜ ያን ያህል አይጎዳም፤ ፉቲንጉ (የምሰሶው የመሠረት እግር) ከመረሬው በታች ጠንካራ አፈር ወይም ዐለት ላይ ይወርዳልና። የሚጎዱት ቀለል ያሉት ሥራዎች ናቸው፦ የመሬት ወለሉ፣ አጥሩ፣ ሽንት ቤቱ፣ ባለ አንድ ክፍል ቅድመ አንደኛው። "ይህማ ትንሽ ነው" ተብሎ በቀጥታ መረሬ ላይ ይቀመጣሉ። መደረግ ያለበት መረሬውን በአፈር ምርመራው በተነገረው ጥልቀት ቆርጦ ማውጣት፣ በተመረጠ አፈር (ሰሌክት) መተካት ነው። ሰሌክቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር በሆነ ንብርብር እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተረጨ በሮለር ይጠቀጠቃል። ጉዱ የሚፈጠረው እዚህ ነው። አንድ ሜትሩን ባንድ ጊዜ ገልብጠው ከላይ ብቻ ቢጠቀጥቁት፣ ላዩ እንደ ድንጋይ ሆኖ ውስጡ ልል ይቀራል። ከውጭ ማንም አያውቀውም፤ ለዚህ ነው በየንብርብሩ የጥግግት ምርመራ ውጤት መኖሩን መጠየቅ ያለባችሁ።

ከዚያ በኋላ ጠላቱ ውሃ ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ከግድግዳው ሥር እንዳይሰርግ ዙሪያውን የሲሚንቶ መራመጃና ተዳፋት ያለው ቦይ ይሠራ። ዛፍም ከግድግዳ ጥግ አትትከሉ።

ጥያቄ፦ ወላጅ ሆነን አርማታው ጥሩ መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ማንም አያስጠጋንም።

ሥራውን መቆጣጠር የአማካሪው ድርሻ ነው፤ በመሃል ገብታችሁ ሠራተኛ አታዙ። ግን ከአጥር ውጭም ቢሆን የሚታይ ነገር አለ።

መጀመሪያ የአሸዋና የጠጠር መለኪያ ሣጥኑን እዩ። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ፣ በመጠን 36 ሊትር ገደማ ነው። 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን በትክክል 36 ሊትር ይይዛል። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ ሦስት ሣጥን 02 የሚባለው ጠጠር፣ ውሃ 25 ሊትር ገደማ፤ ሲ-25 ለሚባለው የጥንካሬ ደረጃ አርማታ ብዙ ሳይት የሚሠራበት መነሻ ይህ ነው። ትክክለኛው ምጥጥን በዲዛይን ይወሰናል። ሣጥን ከሌለና በአካፋ ቆጥረው የሚያቦኩ ከሆነ ጥያቄ አንሡ። ውሃውም በባልዲ ተለክቶ ካልገባ ያሳስባል፤ ሠራተኛው እንዲለሰልስለት ውሃ ይጨምራል፣ የጨመረው ውሃም ጥንካሬውን ይበላዋል።

አሸዋውን በቤታችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ። ግማሽ ብርጭቆ አሸዋ በሌላ ግማሽ ውሃ በጥብጡና ጥቂት ሰዓት አስቀምጡት። ከአሸዋው በላይ የሚተኛው የደለል ንብርብር ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ አሸዋው ሳይታጠብ መግባት የለበትም።

ሶሌታ (የፎቁ ወለል አርማታ) ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ እርጥብ ጆንያ ተነጥፎበት ካያችሁ ጥሩ ነው። ከየሙሌቱም ኪዩብ (ለጥንካሬ ምርመራ የሚሆን የአርማታ ናሙና) ይወሰዳል፦ 15 ሴንቲ ሜትር ጎን ያለው፣ ግማሹ በ7 ቀን፣ ግማሹ በ28 ቀን የሚሰበር። ሲ-25 በ28 ቀኑ 25 ሜጋ ፓስካል መድረስ አለበት። የወላጅ ኮሚቴው ውጤቱን ከአማካሪው ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ነባሩ ትምህርት ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ላዩ ላይ ፌሮ ወጥቷል። አንድ ፎቅ ብንጨምርስ?

ወጥቶ የቀረ ፌሮ ፈቃድ አይደለም። መሠረቱ ለስንት ፎቅ እንደተሰላ የሚናገረው ዲዛይኑ ነው። ስሌቱ ካልተገኘ ፉቲንጉ ተቆፍሮ እስኪታይ ማንም "ይችላል" አይበላችሁ። ደረጃውም ይታሰብ፤ 4 ክፍል ሲጨመር 200 ልጆች በዚያው ደረጃ ይወርዳሉ።

ጥያቄ፦ ሽንት ቤትና ምገባስ?

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለ25 ሴት ልጆች አንድ፣ ለ50 ወንዶች አንድ መቀመጫና መሽኛ ይላል። 500 ሴትና 500 ወንድ ካሉ 20 እና 10 መቀመጫ ነው። ለሴቶች ከውስጥ የሚቆለፍ በርና ውሃ የግድ ነው። ለዊልቸር መግቢያም አስቀድሞ ይሳል፤ በኋላ ሲጨመር ደረጃ ተሰብሮ ነው። ምገባ ስላለ ወጥ ቤትና መመገቢያ ከዲዛይኑ ውስጥ ይግቡ። አለዚያ ምግቡ በመማሪያ ክፍል ይበላል።

ጥያቄ፦ ከወላጅ መዋጮ እንድናሰባስብ ተጠየቅን። እንዴት እንያዘው?

መዋጮ በፈቃድ ነው፤ የልጅ ምዝገባ በመዋጮ መታገት የለበትም። ጥሬ ገንዘብ በሞዴል 64 ደረሰኝ ገብቶ በዕለቱ ባንክ ይግባ። ሲሚንቶ፣ ዴስክ፣ ቆርቆሮ በዓይነት ከተሰጠ በሞዴል 19 ገቢ፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይሁን። ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት 20 ኩንታል ሲሚንቶ የት እንደገባ በኋላ የሚያስረዳ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ሕንፃው አልቋል፣ ሊመረቅ ነው። ምን እንይ?

ከምረቃው በፊት ጊዜያዊ ርክክብ አለ፤ የወላጅ ኮሚቴ ተወካይ አብሮ እንዲገኝ ጠይቁ። የጎደለው ሁሉ በዝርዝር ተጽፎ ይፈረም፦ የማይዘጋ መስኮት፣ ያልተገናኘ ውሃ፣ ያልበራ መብራት። ከእያንዳንዱ ክፍያ የተያዘው 5 በመቶ የሚለቀቀው አንድ ዓመት አልፎ የመጨረሻ ርክክብ ሲደረግ ነው፤ በእጃችሁ ያለው ማስገደጃም እሱ ነው። የመጨረሻውን ርክክብ ኅዳር ላይ አታስፈርሙ። ከተቻለ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሲጥል ጣሪያ ሥር ቆማችሁ፣ የኮርኒሱን እርጥበትና የቦዩን ፍሰት አይታችሁ ይሁን።