የባለቤቴን የስፒድዌይ ስብስብ ጋራዥ አወጣሁት፤ ሻገተ፤ አኮረፈኝ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ማንችስተር ነው፤ ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው። በትዳር 16 ዓመት ሆኖናል። ከልጅነቱ ጀምሮ የስፒድዌይ ሞተር ሳይክል ውድድር ፕሮግራሞችና ባጆች ይሰበስባል። ልጅ እያለ አባቱ ሀይድ ሮድ ስታዲየም ይወስዱት ነበር። አባቱ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ባሰበት። ሌሊት ሌሊት የኢንተርኔት ጨረታ ላይ ያመሻል፤ በወር እስከ 140 ፓውንድ ያወጣል። ሦስተኛው መኝታ ቤት በካርቶን ስለተያዘ የ11 ዓመት ሴት ልጃችን ከ6 ዓመት ወንድሟ ጋር ነው የምትተኛው። መስከረም ላይ ሳልነግረው ስምንት ካርቶን ጋራዥ አወጣሁ። የካቲት ላይ ሲከፍታቸው ሦስቱ ሻግተዋል። አንዳንዶቹ ላይ አባቱ በእርሳስ የጻፉት እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው። አልጮኸብኝም፤ ግን ከ‹እሺ› እና ከ‹አይ› ሌላ አያናግረኝም። ‹ይቅርታ፣ ግን ልጆቹም ቦታ የላቸውም› ብዬዋለሁ። ወረቀት ከእኛ ይበልጣል?»

መልስ፦ እህቴ፣ የመጨረሻዋን ጥያቄሽን እሱ ፊት እንዳታነሻት። «ወረቀቱ ወይስ እኛ?» የተባለ ሰው መልሱ አንድ ነው፤ «እናንተ» ይልሻል፤ ካርቶኑ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም፣ ኩርፊያውም እንዲሁ። ከደብዳቤሽ እኔን የያዘኝ ሌላ መስመር ነው፦ «አባቱ ከሞቱ ወዲህ ባሰበት» ያልሽው።

ስፖርቱን ለማያውቁ አንባቢዎች፦ ስፒድዌይ አራት ሰዎች ፍሬን በሌለው፣ አንድ ማርሽ ብቻ ባለው፣ ሜታኖል በተባለ አልኮል በሚሠራ 500 ሲሲ ሞተር ሞላላ ትራክ ላይ አራት ዙር የሚሽቀዳደሙበት ነው። አራቱ ዙር በጠቅላላ አንድ ደቂቃ ገደማ ቢፈጅ ነው። አንደኛው 3፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ነጥብ ያገኛል፤ የመጨረሻው ባዶ እጁን ይወጣል። በየውድድሩ የሚሸጠው ፕሮግራም ውስጥ ሰንጠረዥ አለ፤ ተመልካቹ ቀጣዮቹ ተወዳዳሪዎች እስኪሰለፉ ባለችው ፋታ ውጤቱን በእጁ ይሞላዋል። ስለዚህ አሮጌ ፕሮግራም የታተመ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው አንድ ምሽት ያየውን በራሱ እጅ የመዘገበበት ነው።

ብዙ ሰብሳቢ ያልተጻፈበትን ንጹሕ ቅጂ ይመርጣል። ለባለቤትሽ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሀይድ ሮድ እ.ኤ.አ. በ1987 ተዘግቶ ፈርሷል፤ አባትና ልጅ ጎን ለጎን የቆሙበት ቦታ የለም። አባትየውም የሉም። የቀረው በእርሳስ የተጻፈው 3፣ 2፣ 1፣ 0 ነው፤ አንቺ ደግሞ ሳታውቂ ጋራዥ አስገባሽው። አላወቅሽም፤ እሱም አልነገረሽም። ይህ የሁለታችሁም ነው።

«በሽታ ነው ወይ?» ብለሽ በቀጥታ ባትጠይቂም ከደብዳቤሽ ይሰማል። ከልክ ያለፈ የማከማቸት ችግር እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ራሱን ችሎ የተመዘገበ ሕመም ነው። ዋናው ምልክቱ ዋጋ ያለውንም የሌለውንም ዕቃ ለመጣል አለመቻል፣ ሲጣል መጨነቅ፣ ከዚያም ምድጃው ላይ ማብሰል፣ አልጋው ላይ መተኛት እስኪያቅት ቤቱ መሞላቱ ነው። የባለቤትሽ አንድ ክፍልና አንድ ርዕስ ያለው ስብስብ ነው። በደብዳቤ ሰው አይመረመርም፤ ግን እስካሁን የጻፍሽው ወደዚያ አያመራኝም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሌሊቱ ጨረታ ነው። ከሐዘን በኋላ እንዲህ ያለ ግዢ ሲበረታ አንድ ነገር አስተውይ፦ ፖስታው ሲደርስ ይከፍተዋል? ወዲያው ከፍቶ፣ አይቶ፣ ከሌሎቹ ጋር የሚደረድር ከሆነ ፕሮግራሙን ነው የፈለገው። ፖስታው እንደታሸገ ሳምንት ከቆየ ግን የፈለገው ጨረታውን ነው፤ እንቅልፍ እንቢ ያለበት ሰዓት ላይ ልብን የምትይዘውን ያቺን አምስት ደቂቃ። ያኔ የሚያስፈልገው የገንዘብ ክርክር ሳይሆን ሐዘኑን የሚያወራለት ሰው ነው፤ የቤተሰብ ሐኪማችሁ ወደ ሐዘን ምክር ሊመራው ይችላል።

አሁን ወደ ይቅርታሽ። «ግን» ያለበት ይቅርታ ክርክር ነው። ሌላ ቀን፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ እንዲህ በይው፦ «ሳልነግርህ አወጣሁት። የአባትህ ጽሑፍ እንዳለበት አላውቅም ነበር፤ ግን መጠየቅ ነበረብኝ።» እዚያው ላይ ዝም በይ። የልጅቷን ክፍል ነገር በዚያ ምሽት አታንሺው፤ እውነት ነው፣ መነሳትም አለበት፣ ግን የሌላ ምሽት ነው።

ደስ ይለው ብለሽም ብቻሽን የሻገቱትን ለማጽዳት እንዳትነሺ። ሳይጠይቁት የነኩበትን ዕቃ ሁለተኛ ጊዜ ሳይጠይቁት መንካት ማለት ነው፤ ደግሞም በጥድፊያ ጽዳት ወረቀቱ ይብሱን ሊበላሽ ይችላል። አብራችሁ ሥሩት፤ እሱ ይምራ፣ አንቺ አግዢ።

ፕሮግራሞቹ ገና እርጥበት ካላቸው በላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጧቸው፤ ሻጋታው ባይሞትም መስፋፋቱን ያቆማል፣ እናንተም ጊዜ ታገኛላችሁ። ከዚያ ጥቂት ጥቂት እያወጣችሁ በየገጹ መሀል ነጭ መምጠጫ ወረቀት እያስገባችሁ፣ ቀዝቃዛ አየር በሚነፍስ ቬንቲሌተር አድርቁ፤ የፀጉር ማድረቂያ ወረቀቱን ያንሻፍፈዋል። ከደረቁ በኋላ ውጭ አውጥታችሁ፣ ማስክና ጓንት አድርጋችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ ሻጋታውን ጥረጉት። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ግን ሻጋታውን ወረቀቱ ውስጥ ማሸት ነው። የሚያብለጨልጭ ሽፋን ያላቸው ገጾች ተጣብቀው ከደረቁ አትጎትቱ፤ ለወረቀት ጥገና ባለሙያ ተዉት። የዛገውን የስቴፕለር ሽቦ ከውጭ አትንቀሉ፤ መሀሉን ገልጣችሁ እግሮቹን በቀጭን ዱልዱም ነገር ቀና አድርጉና ከጀርባ አውጡት። ደግ ዜናው፣ እርሳስ ውኃ አይፈታውም። የፈሳሽ ቀለም ብዕር ይሄዳል፤ የእርሳስ ጽሑፍ ግን ካልታሸ ባለበት ይገኛል።

ይህ ካለፈ በኋላ የክፍሉን ነገር ቀን ቆርጣችሁ ተነጋገሩ። የአንድ ዓመት ፕሮግራሞችን ደርድሮ በማስመሪያ ይለካቸው፤ ካርቶን አየር ያቅፋልና ክፍል የሞላው ነገር ሁለት ጠንካራ መደርደሪያ ላይ ሲያርፍ ልታዩት ትችላላችሁ። መደርደሪያው የሚቆመው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ነው፤ ወደ ውጭ የሚያይ ግድግዳ እንግሊዝ አገር ክረምት ላይ ያልባል። ጋራዥ፣ እንዲሁም በኮርኒስና በጣሪያ መሀል ያለው ቦታ አይታሰብም። በትንሽ መለኪያ የአየሩን እርጥበት እዩ፤ ከ60 በመቶ በላይ ከቆየ ሻጋታው ይመለሳል። ፕሮግራሞቹ የሚገቡበት ኪስ የፖሊስተር ወይም የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ፣ ሳጥኑ ከአሲድ ነጻ ይሁን፤ የፒቪሲ ኪስ ከዓመታት በኋላ የሕትመቱን ቀለም እየላጠ ይይዘዋል። ባጆቹ ቦታ አይፈጁም፤ ኢናሜላቸው (ባለቀለሙ ጠንካራ ሽፋን) እርስ በርስ እንዳይፋጭ ለየብቻ ተጠቅልለው ጠፍጣፋ መሳቢያ ይበቃቸዋል። በብረት መወልወያ እንዳትነኪያቸው ብቻ።

መለየቱን እሱ ይሥራው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ሳጥን፣ ከ45 ደቂቃ ሳይበልጥ። የአባቱ ጽሑፍ ያለባቸው ለብቻቸው ይውጡ፤ እነሱ ላይ ውይይት የለም። ከዚያ ድግሞቹን፣ ሁለት ቅጂ ያሉትን፣ ይፈልግ፤ የሚሸጥ ካለ ከዚያ ይጀመራል። ለአንዳንዶቹ ገበያው ከሚሰጠው በላይ ዋጋ ሲጠራ አትሳቂ። ተመራማሪዎቹ ካኔማን፣ ኔትሽና ታለር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ሙከራ ላይ ተራ ኩባያ ገና አሁን የተሰጣቸው ሰዎች እንኳ ለመሸጥ የጠየቁት ገዢዎቹ ካቀረቡት እጥፍ ገደማ ነበር። በዋጋው ከመከራከር «ዛሬ ባይኖርህ በዚህ ዋጋ ትገዛው ነበር?» ብለሽ ጠይቂው።

ስለ ገንዘቡም «አትግዛ» አትበይው። በወር የሚወጣውን አብራችሁ ወስኑ። ከራት በፊት የመጨረሻ ዋጋውን ጨረታው ላይ ያስገባ፤ ሥርዓቱ ራሱ እስከዚያ ድረስ ይጫረትለታል። ከዚያ ስልኩ መኝታ ቤት አይገባም። ያሸንፋል ወይም አያሸንፍም፣ ጠዋት ያየዋል።

በሀይድ ሮድ ይወዳደር የነበረው የማንችስተሩ የቤል ቩ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 በተከፈተው ናሽናል ስፒድዌይ ስታዲየም ዛሬም ይወዳደራል፤ ከድሮው ሀይድ ሮድ ሩቅ አይደለም። ልጅቷን ይዞ ይሂድ፤ አንድ ፕሮግራም ይግዛና ሰንጠረዡን እሷ ትሙላ። አንቺ ግን ካልተጋበዝሽ አትከተያቸው።

እስከዚያው ነገ ጠዋት የምትጠይቂው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሦስቱ የሻገቱ ካርቶኖች የአባቱ ጽሑፍ ያለበት የትኛው ነው? መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው።